ወረፋው የሚረዝመው ከ80 በመቶ በኋላ ነው፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በመኪና ባለቤቶች ዘንድ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ቤቱ ቻርጅ ማድረግ ስለሚችል ለድንገተኛ ችግር ካልሆነ በቀር የሕዝብ ጣቢያ አያስፈልገውም፤ ፈጣን ቻርጀር ባትሪ ይጎዳል፤ ወረፋ ጠብቆ የደረሰው ሰው ግን 100 በመቶ ሳይሞላ መውጣት የለበትም፤ የጣቢያዎቹ ዋጋ ከቤት ታሪፍ ጋር ሲተያይ ብዝበዛ ነው፤ የሶኬት አለመጣጣም አዳፕተር በመግዛት የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ጣቢያ በበዛ ቁጥር የመብራት መቆራረጥ ይብሳል፤ በዝናብ ቻርጅ ማድረግ አደገኛ ነው፤ መኪናው የከተማ መኪና ስለሆነም ከአዲስ አበባ ውጭ ጣቢያ መትከል ገንዘብ ማባከን ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን ለውይይት ማቅረባቸው ሊመሰገንላቸው ይገባል፤ ከስጋቶቻቸውም አንዳንዶቹ መሠረት አላቸው። ይሁን እንጂ ምክራቸውን አምኖ የሚሠራበት ሰው በበዛ መጠን አሁን የምናማርርበት ወረፋ የባሰ ስለሚረዝም፣ ዝም ብሎ ማለፉ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም።

ጽሑፉ የተነሣው መኪና ያለው ሰው ሁሉ የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ አለው ከሚል ግምት ነው። ግምቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ከእውነቱ ብዙም ላይርቅ ይችል ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ግን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርገው ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ማስገባት የሚፈልግ ሰው ምርጫው የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል ማለት ይቻላል። በመሆኑም ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳው ሰው ባለ ግቢ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው፣ በኪራይ ግቢ ከሌሎች ሦስትና አራት ቤተሰቦች ጋር አንድ ቆጣሪ የሚጋራው፣ መኪናውን በየምሽቱ ለመንደር ጥበቃ አደራ ሰጥቶ በር ላይ የሚያሳድረው ሁሉ ይነዳዋል። የኮንዶሚኒየም ማቆሚያ የጋራ ነው፤ ሶኬት የለውም። ሶኬቱ ያለው ፎቁ ላይ ነው፤ ቆጣሪውም የዚያው ቤት ነው። አንዳንዱ ነዋሪ ከበረንዳው ረጅም ገመድ አውርዶ፣ በዲቫይደር ቀጣጥሎ መኪናውን ሲሰካ በዓይናችን እናያለን። ዲቫይደሩ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ለብዙ ሰዓት ሳይቋረጥ 10 አምፔር ሲያልፍበት መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይልማል፣ በመጨረሻም ሶኬቱ ጠቁሮ ይቀራል። ቤት ቻርጅ ማድረግ ለሁሉም ይቻላል ብሎ መምከር ሰዎችን ወደዚህ አደጋ መግፋት እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስተውሉት ደስ ይለኝ ነበር።

የራሱ ግቢ ያለውም ቢሆን ስሌቱን ማየት ያስፈልገዋል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት መስመር ላይ 10 አምፔር ሲስብ 2.2 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪ የሚቆጥርበት የኃይል መለኪያ) የሚይዝን መኪና ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህም ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ በኃይል መለወጥ የሚባክነው ሲታከልበትም ወደ 18 ሰዓት ይጠጋል። በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የተጠቀመበትን 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሌሊት አራት ወይም አምስት ሰዓት ያህል ሰክቶ ስለሚተካ የጸሐፊው ምክር ለእርሱ ይሠራል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር እየነዳ የራይድ ሥራ ለሚሠራው ግን በየሌሊቱ ከ11 ሰዓት በላይ፣ ያውም መብራት ሳይጠፋ መሰካት ይኖርበታል። በ7 ኪሎዋት ግድግዳ ላይ በሚገጠም ቻርጀር ይፋጠናል ቢባል፣ እሱ ብቻውን 32 አምፔር ይወስዳል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ፣ ሁለቱ በአንድ ሲንግል ፌዝ ቆጣሪ ላይ ሲገናኙ ብሬከሩ መውደቁ አይቀርም። ስሪ ፌዝ ለማስገባት ደግሞ ማመልከት፣ መክፈልና መጠበቅ ይጠይቃል።

በጋራ ቆጣሪ የሚኖሩ ሰዎች ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ የወር ፍጆታው 50፣ 100፣ 200 እያለ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፣ ከ500 በላይ ያለው እርከን ከሁሉም ይበልጣል። ለሥራ የሚነዳ አንድ መኪና ብቻውን በወር ከ600 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ይህ መኪና በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ሲሰካ ሻይ የምታፈላው ጎረቤት ሳትቀር ወደ ላይኛው እርከን ትገባለች። አከራዩ «ገመድህን አንሣ» ቢል አይፈረድበትም። እንግዲህ ለዚህ አሽከርካሪ የሕዝብ ጣቢያ የዘወትር ማደያው ነው። ጸሐፊው ጣቢያውን ለድንገተኛ ችግር ብቻ ሲያደርጉት ይህን ሰው ከሂሳባቸው አውጥተውታል።

ፈጣን ቻርጀር ባትሪ ይጎዳል የሚለው አስተያየት በከፊል እውነት አለው። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የስምንት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ በነጋዴ በኩል ከቻይና የገቡት አብዛኞቹ መኪኖቻችን ግን ያንን ዋስትና እዚህ የሚያስከብርላቸው አካል ስለሌላቸው ባለቤቱ ስለ ባትሪው መጨነቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ባትሪን የሚያስረጁት ነገሮች በደንብ ይታወቃሉ፦ ከፍተኛ ሙቀት፣ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆየት፣ ባዶ እስኪሆን ድረስ መጨረስ፣ እንዲሁም ባትሪው ቀዝቃዛ ሳለ ብዙ ኃይል ማስገባት። መኪናው የራሱ የባትሪ መቆጣጠሪያ ሥርዓት አለው፤ ጣቢያው የሚሰጠውን ሁሉ አይቀበልም። ምን ያህል ኃይል እንደሚገባ የሚወስነው መኪናው ነው፤ ባትሪው ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ሲሞላ ይቀንሳል፣ ከልክ ሲያልፍ ያቆማል። የቀን ሙቀቷ 30 ዲግሪ እምብዛም በማይደርስባት አዲስ አበባ፣ ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ መኪና በሳምንት ጥቂት ጊዜ ፈጣን ቻርጀር ቢጠቀም ባለቤቱን እንቅልፍ ሊነሣው የሚገባ ነገር የለም። ቤት መሰካት የሚችል ቤት ይሰካ፣ ባትሪውም ወረፋውም ይጠቀማል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

የማልስማማው ከዚያው አንቀጽ ቀጥሎ በሰጡት ምክር ነው። ፈጣን ቻርጀር ባትሪ ይገድላል ባሉበት አፍ፣ ወረፋ ጠብቆ ጣቢያ የገባ ሰው 100 በመቶ ሳይሞላ እንዳይወጣ ይመክራሉ። ባትሪው በፈጣን ቻርጀር ላይ የሚጨነቀው በዋናነት በዚያ በመጨረሻው ሃያ በመቶ ስለሆነ ሁለቱ ምክሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ለጠቅላላው ተጠቃሚ ደግሞ ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ምክር ነውና ሰፋ አድርጌ ልየው።

የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ መጀመሪያ ላይ ብዙ ኃይል ይቀበላል፤ የሴሎቹ ቮልቴጅ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ግን እንዳይጎዱ ሲባል የሚገባው ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል። መቀነሱ ጎልቶ የሚታየው በአብዛኞቹ መኪኖች 80 በመቶ አካባቢ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና ባለ 60 ኪሎዋት ቻርጀር ላይ ተሰካ እንበል። ከ20 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ፣ በአማካይ 48 ኪሎዋት ቢገባለት፣ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ከ80 ወደ 100 ለመሄድ የሚያስፈልገው 12 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ኃይሉ እየወረደ ሄዶ በአማካይ 16 ኪሎዋት ሲሆን ይህም 45 ደቂቃ ይፈጃል። የመጀመሪያውን ስልሳ በመቶ ለመሙላት የወሰደውን ጊዜ ያህል የመጨረሻው ሃያ በመቶ ወሰደ ማለት ነው። ቁጥሩ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ አካሄዱ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። አሁን በአንድ ቻርጀር ሦስት መኪኖች ከፊቱ ያሉበትን አራተኛ ሰው እንውሰድ። ሦስቱም 80 ላይ ቢነቅሉ ተራው ከሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ ይደርሰዋል፤ ሦስቱም እስከ 100 ቢጠብቁ አራት ሰዓት ተኩል ይቆማል። የቻርጀሩ ቁጥር አልተለወጠም፣ የመኪናውም ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመንቀያው ሰዓት ብቻ ነው። ስለ ጣቢያ እጥረት ስንናገር እጥረቱ እውነት መሆኑ ሳይካድ፣ ካለን አገልግሎት ምን ያህሉ በዚህ መንገድ እንደሚባክንም አብሮ መነሣት አለበት።

በአንድ ምሽት ጣቢያ ውስጥ ያየሁትን እዚህ ላይ መጥቀስ ይጠቅማል። ቻርጀሮቹ ሁሉ ተይዘው፣ ወረፋው ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። ለሥራ የሚነዳ አንድ ወጣት ወደ አንድ ትልቅ ሰው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ብዙ ይቀርዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም የቻርጀሩን ስክሪን አሳይተው «ሦስት ፐርሰንት ብቻ ነው የቀረኝ ልጄ፣ አሁን አወጣዋለሁ» አሉት። ስክሪኑ ላይ 97 በመቶ ይነበባል፤ ከጎኑ ደግሞ የሚገባው ኃይል 5 ኪሎዋት እንደሆነ ተጽፏል። በዚያ ፍጥነት ሦስቱ በመቶ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ሃያ ደቂቃ ደግሞ ለወጣቱ መኪና ከሩብ በላይ የሚሆን ባትሪ ነበር። አዛውንቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጁንም በትህትና ነው የመለሱለት። ጎሎ የነበረው ያ ሁለተኛው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ወይም ግድግዳው ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ነው።

በእርግጥ ሁሉም ባትሪ አንድ ዓይነት አይደለም። የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪና መሰሎቹ ከሊቲየም አይረን ፎስፌት የተሠሩ ናቸው፤ ቮልቴጃቸው በመሐል ብዙ ስለማይለዋወጥ መኪናው የቀረውን በትክክል እንዲያነብ በየጊዜው እስከ 100 መሙላት ይመከራል። የፎልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ዓይነቶቹ ግን ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ባትሪ ስለሚጠቀሙ ለዕለት ተዕለት 80 በመቶ ላይ ማቆሙ ለራሳቸውም ይሻላቸዋል። የመጀመሪያዎቹን የያዘ ሰው 100 መሙላት ሲኖርበት ቤት ካለው ቤቱ፣ ከሌለው ጣቢያው ጭር በሚልበት ሰዓት ቢያደርገው ማንንም አያስቸግርም። ረጅም መንገድ የሚወጣም ሰው ከ80 በላይ ቢሞላ መብቱ ነው። ሌላም ችግር አለ፤ ከቻይና በቀጥታ የገቡ ብዙ መኪኖች የስክሪናቸው ጽሑፍ ቻይንኛ ስለሆነ ባለቤቱ መሙያውን 80 ላይ የሚገድበው ማዘዣ የት እንዳለ አያውቀውም። መኪናውን የሸጠው ነጋዴ ቁልፍ ሲያስረክብ ይህን አንድ ነገር ቢያሳይ ለሁሉም በጠቀመ ነበር።

ወደ ዋጋው ልለፍ። ጸሐፊው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በጣቢያና በቤት አነጻጽረው ልዩነቱን ሁሉ ብዝበዛ ብለውታል። በቤት ታሪፍ ውስጥ የሌሉ ብዙ ወጪዎች ጣቢያው ላይ አሉ። ጣቢያው ከ15 ኪሎቮልት መስመር የራሱን ትራንስፎርመር ተክሎ ይቀበላል፤ ቻርጀሮቹ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፤ መሬት፣ ጥበቃ፣ ሠራተኛና ጥገና አለ። በተጨማሪም ንጽጽሩ ራሱ የተሟላ አይደለም። ቤት ውስጥ ቆጣሪው የሚቆጥረው ወደ መኪናው ውስጥ ወዳለው ቻርጀር የሚገባውን ነው፤ እዚያ ሲለወጥ አሥር በመቶ ያህል በሙቀት ይጠፋል፣ ባለቤቱም ይከፍልበታል። ፈጣን ቻርጀር ግን ኃይሉን ለውጦ በቀጥታ ወደ ባትሪው ስለሚያስገባ ኪሳራው በአብዛኛው የጣቢያው ነው። ይህን ስል ዋጋው ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ደንበኛው ገመዱን ከመሰካቱ በፊት የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በትልቁ ተጽፎ ማየት አለበት፤ ሲጨርስም የገባለት ኃይልና የከፈለው ብር ለየብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ ሊሰጠው ይገባል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ባስጀመራቸው ጣቢያዎች እንደሚታየው ክፍያ በቴሌብር መፈጸም ከተቻለ ይህን በስልክ መላክ የሚያስቸግር አይሆንም።

በዋጋ ረገድ እኔ የምጠይቀው ጸሐፊው ከጠየቁት የተለየ ነው። ኃይሉ በኪሎዋት ሰዓት ይከፈል፤ ከሞላ በኋላ ወይም ወረፋ ባለበት ሰዓት ከ80 በመቶ በኋላ ጥቂት የእፎይታ ደቂቃ ተሰጥቶ ቻርጀሩን ይዞ የሚቆይ መኪና ግን በደቂቃ ይክፈል። ባለ መኪናው ገመዱን ሰክቶ ቡና ሊጠጣ ሄዶ ሲቀር የሚከለክለው ነገር ዛሬ በብዙ ቦታ የለም፤ ሠራተኛው ስልክ ቁጥሩን ፈልጎ እስኪደውልለት ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በሌሎች አገሮች ይህ ክፍያ የተለመደ ነው። እኛም ጋ ቢጀመር፣ ገንዘቡ ሳይሆን ተራው ቶሎ መድረሱ ነው ጥቅሙ። ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለጣቢያ ፈቃድ ሲሰጥ ሊያስገድደው የሚችለው ነገር ይመስለኛል።

ሶኬትን በሚመለከት አዳፕተር ግዙና ይለቅ የሚለው ምክር ያስፈራኛል። ከቻይና የሚመጡት መኪኖች ጂቢ/ቲ የተባለውን የቻይና ደረጃ ይጠቀማሉ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአውሮፓ በኩል የሚገቡት ደግሞ ሲሲኤስ 2 ናቸው። አንድ ዓይነት ሞዴል መኪና እንኳ በየት በኩል እንደገባ ሶኬቱ ይለያያል። በዝግታ ለሚሞላው ተለዋጭ ኃይል (ከቤት ሶኬት ለሚገኘው ኤሲ) የሚያገለግለው አዳፕተር ፒኖቹን ማገናኘት ብቻ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። የፈጣኑ ቻርጀር ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መኪናውና ቻርጀሩ ኃይል ከመተላለፉ በፊት እየተነጋገሩ ቮልቴጅና አምፔር ይስማማሉ፤ ጂቢ/ቲ የሚነጋገርበት መንገድና ሲሲኤስ የሚነጋገርበት መንገድ ፈጽሞ የማይገናኝ ስለሆነ አዳፕተሩ በውስጡ የሚያስተረጉም ኤሌክትሮኒክስና ሶፍትዌር ሊኖረው ግድ ነው። ከ100 አምፔር በላይ በሚያልፍበት በዚህ ዕቃ ላይ የሙቀት መለኪያ ወይም ጠንካራ መቆለፊያ ከሌለ ፒኑ ቀልጦ ሶኬቱ ላይ ሊቀር ይችላል፤ የሚበላሸውም የመኪናው ሶኬትና የጣቢያው ገመድ፣ ሁለቱም ነው። ስለዚህ ማን እንደሠራው የማይታወቅ አዳፕተር ከገበያ ገዝቶ፣ ከሰው ተውሶ ወይም ሁለቱን ቀጣጥሎ መጠቀም አይገባም። መፍትሔው ጣቢያዎች ሁለቱንም ዓይነት ገመድ መያዛቸው፣ አብዛኛው መኪና ከቻይና ስለሚመጣም የጂቢ/ቲ ገመዶችን ማብዛታቸው፣ የትኛው ስንት እንዳለም በር ላይ መለጠፋቸው ነው። አንድ ሰው ሰዓት ተኩል ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ገመዱ የማይገባለት መሆኑን የሚያውቅበት ሁኔታ ሊቀጥል አይገባውም።

ጣቢያ በበዛ ቁጥር መብራት ይቆራረጣል የሚለው ደግሞ የኃይል ማመንጨትንና ማከፋፈልን ያደባለቀ ነው። 100,000 የኤሌክትሪክ መኪኖች እያንዳንዳቸው በቀን 7 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስዱ ድምሩ 700 ሜጋዋት ሰዓት ይሆናል፤ ሁሉም በስድስት ሰዓት ውስጥ ቢሰኩ እንኳ ከ120 ሜጋዋት ያነሰ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጭንቁ ያለው በሰፈር ትራንስፎርመርና በአሮጌው የማከፋፈያ መስመር ላይ ነው። በአንድ ባለ 200 ኪሎቮልት አምፔር (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ፣ ለኪሎዋት የሚቀራረብ) ትራንስፎርመር ሥር ሠላሳ ቤቶች ማታ ከሥራ እንደገቡ መኪናቸውን ቢሰኩ 66 ኪሎዋት ይጨምሩበታል፤ ይህም ምጣድና ምድጃ በሚበራበት ሰዓት የትራንስፎርመሩን አንድ ሦስተኛ ይወስዳል። ከ15 ኪሎቮልቱ መስመር የራሱን ትራንስፎርመር ተክሎ የሚሠራ ጣቢያ ያንን ጭነት ከሰፈሩ ላይ ያነሣል። ቤት የሚሰካ ሰውም መኪናው ሰዓት መወሰኛ ስላለው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ቢያዝዘው ለጎረቤቱ ትልቅ ውለታ ነው።

ስለ ዝናብ በአጭሩ እመልሳለሁ። ገመዱ ከመኪናው ጋር ሙሉ በሙሉ እስኪገጥምና የምድር መስመሩና የኢንሱሌሽኑ ደኅንነት እስኪረጋገጥ ድረስ በገመዱ ጫፍ ላይ ኃይል የለም፤ በመሐል ብልሽት ሲገኝም በራሱ ይቋረጣል። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ጣቢያ አንጠቀም ካልን መኪናውን አንነዳም ማለት ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የተሰነጠቀ፣ ፒኑ የጠቆረ ወይም ውኃ የቋረበት ገመድ ሲገኝ ነው፤ እንዲህ ያለውን አለመሰካት፣ ለሠራተኛውም ወዲያው ማሳየት ይገባል። ተጠቃሚውም ሲጨርስ ገመዱን ጭቃ ላይ ጥሎ ከመሄድ ይልቅ ወደ መስቀያው ይመልሰው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ከከተማ ውጭ ጣቢያ አያስፈልግም የሚለው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የብዙዎቹ መኪኖች ወረቀት ከ400 በላይ ስለሚል ያለ ጣቢያ የሚያደርስ ይመስላል። መሐሉ ላይ ግን የዓባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ሕዳሴ ድልድይ ሲወረድ ሞተሩ እንደ ጄነሬተር እየሠራ የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ መንገዱ 1,300 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ሰውና ዕቃ ይዞ 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ያስፈልገዋል፤ ለመንገዱ ርዝመት የሚያወጣው ለብቻው ነው። ቁልቁለቱ ላይ የሚመለሰው ኃይል ከዚህ ሁሉ የተወሰነውን ብቻ ይተካል። ባትሪውን ጎሐ ጽዮን ላይ ጢም አድርጎ የሞላ ሰው ደግሞ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ ስለማይኖረው ቁልቁለቱን በሙሉ በፍሬን ብቻ ይወርዳል፤ ያን ያህል ረጅም መውረጃ ላይ ፍሬን ማጋል ምን እንደሚያስከትል የመንገዱ ሾፌሮች አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ ለዚህ መንገድ ጎሐ ጽዮን ላይ ከ80 በመቶ ያልበለጠ ይዞ መውረድ፣ ደጀን ላይ ደግሞ የጎደለውን ሞልቶ መቀጠል ነው የሚሻለው። ይህን ማድረግ የሚቻለው ደጀን ላይ ቢያንስ ሁለት ባለ 60 ኪሎዋት ቻርጀሮች፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲሠራ ተደርገው፣ በሁለቱም ዓይነት ገመድና በራሳቸው ትራንስፎርመር ሲተከሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንገድ ላይ ሦስተኛውን ጣቢያ ለመትከል የተዘጋጀ ባለሀብት ካለ፣ ጸሐፊው እንደሚመክሩት ከመተው ይልቅ መጀመሪያ ደጀንን ሄዶ እንዲያይ እጠይቀዋለሁ።